ለሁሉን ቻይ ዕቅድ ምን ያደርግለታል?

የካቲት 8፣ እሑድ

ዛሬ ቅበላ ነበር። ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል። የንስሐ አባታችን ቄስ ገብረኣብ ምሳ ሊበሉ ገርጂ እኛ ቤት መጡ፤ እኔም በአንድ ጥያቄ ምሳውን አበላሸሁት።

እናቴ ጥብሱ ከመቅረቡ በፊት ስሞታዋን አቀረበች። ሠላሳ አራት ዓመት እንደሞላኝ፣ ባል የሚባል ነገር እንደማላነሳ፣ ዕድሜዬን ቦሌ ካርጎ ውስጥ ከአበባ ጋር እየጨረስኩት እንደሆነ ነገረቻቸው። እሳቸውም ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አይዞሽ አስመረት፣ እግዚአብሔር ለአንቺ ዕቅድ አለው» አሉኝ።

ይሄን ነገር የማይለኝ ሰው የለም። ጎረቤት ይለኛል፣ የመሥሪያ ቤት ሰው ይለኛል፣ ባለፈው ሃያ ሁለት ሰፈር ታክሲ ያመለጠኝ ጊዜ ወያላውም ብሎኛል። እስከ ዛሬ አሜን እያልኩ አልፌዋለሁ። ዛሬ ግን ምላሴ ቀደመኝ።

«አባ፣ ሁሉን የሚችል ከሆነ ዕቅድ ምን ያደርግለታል?»

ለክፋት አልነበረም። ዕቅድ እንጀራዬ ነው። የአበባ ካርቶን አውሮፕላን እስኪሳፈር የሚያርፍበት ቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ ማን ጠዋት ማን ማታ እንደሚገባ የምመድበው እኔ ነኝ። ስለዚህ ዕቅድ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ከእጥረት ነው። ሰው ሲያጥረኝ፣ ሰዓት ሲያጥረኝ፣ ፎርክሊፍቱ ሲቆምብኝ ነው የማቅደው። ሁሉ የተትረፈረፈለት ሰው አያቅድም፤ ይተኛል። ታዲያ ምንም የማያጥረው ፈጣሪ ቁጭ ብሎ «አስመረትን ዘንድሮ እንዲህ አደርጋታለሁ፣ እሱ ካልተሳካ ደግሞ እንዲያ» የሚልበት ምክንያት አልታየኝም።

ቄስ ገብረኣብ ወደ አፋቸው የላኩትን ጉርሻ መልሰው ሳህኑ ላይ አስቀመጡት። በቅበላ ቀን ቄስ ጥብስ ያስቀመጠበት ቤት የእኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እጃቸውን ጠርገው «እስከ ፋሲካ አስቤበት እመልስልሻለሁ» አሉ። እናቴ እስካሁን አላነጋገረችኝም።

የካቲት 11፣ ረቡዕ

ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ገቡ። ከጠዋት ጀምሮ ቢሮዬ የአቤቱታ ሰሚ ችሎት ሆኖ ዋለ። ክርስቲያኑ ከሰዓት ቅዳሴ አለኝ ይላል፣ ሙስሊሙ ማፍጠሪያ ሰዓት ቤቴ ልሁን ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። አበባው ግን ሃይማኖት የለውም፤ አመሻሹ ላይ እየተግተለተለ ይመጣል።

ከጎኔ ተቀምጣ የጭነት ሰነድ የምትሠራው ነኢማ የእሑዱን ጉድ ስነግራት በሳቅ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ስሜን ሁሉን ቻይ ብላዋለች። ሰው በር ባንኳኳ ቁጥር «ግቡ፣ ሁሉን ቻይዋ አለች፤ ልመና በተራ በተራ ነው» ትላለች።

በመጨረሻ ሙስሊሞቹን ጠዋት፣ ክርስቲያኖቹን ከቅዳሴ መልስ ማታ አደረግኳቸው። ሁሉም መርቆኝ ወጣ። ቢተውን ግን ጠዋት ተውኩት። ቢተው ክርስቲያን መሆኑን አውቃለሁ። የቀዝቃዛው ክፍል በር አንዳንዴ አልዘጋም ይላል፤ ጠባዩን የሚያውቀው ደግሞ እሱ ብቻ ነው። እኔም ጠዋት መግባቴ ከዚህ ጋር ምንም አይገናኝም።

የካቲት 16፣ ሰኞ

ጥድፊያ። ለሴቶች ቀን የሚላከው አበባ ጀምሯል። አንዱ ታሟል፣ አንዱ ልቅሶ ሄዷል። እናቴ ዛሬ ሁለት ቃል ተናገረችኝ፤ «በሩን ዝጊው» አለችኝ። የመጋዘኑም በር ደህና ነው። ቢተው ጠዋት።

የካቲት 20፣ ዓርብ

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢተው መጥቶ በወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «ሰዓቱ ደርሷል» ብሎኝ ሄደ። እስከ ስንት ሰዓት እንደምጾም ማን እንደነገረው አላውቅም። ሱፍ ነበረበት። ሱፍ እንደምወድም ለማንም አልተናገርኩም።

ቢተው ማለት የጫኝ አውራጆቹ አለቃ ነው። የደብረ ታቦር ልጅ ነው፣ ቀጭን፣ ብዙ የማያወራ፣ ካርቶን ሲቆጥር የሚያንጎራጉር። ይሄን የምጽፈው የሠራተኞቼን ሁኔታ መመዝገብ ጥሩ ልማድ ስለሆነ ነው።

ከሥራ ስወጣ ጋሽ ሀሩን ከወጣቶቹ ጋር ሲያወራ ሰማሁ። ጋሽ ሀሩን የፎርክሊፍት ሾፌራችን ነው፤ ከሁላችንም በዕድሜ ይበልጣል። «ይሄ ቢተው ማታ ሥራ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ዱዓው የሚሰማለት ልጅ ነው» ሲል ሁሉም ሳቁ። ተመልሼ ኮምፒውተሬን ከፍቼ ወደ ኋላ አየሁ። እውነትም ከመስከረም ወዲህ አንድ ቀን ማታ አልገባም።

ለሥራው ሲባል ነው።

እዚህ መጋዘን ውስጥ ቀን አድርጌ የምሾም፣ ማታ አድርጌ የምሽር እኔ ነኝ። እንዲህ ቻይ ከሆንኩ ታዲያ ለምን ዙሪያ ጥምጥም እሄዳለሁ? አንድ ቀን በቀጥታ ሄጄ ለምን... እንቅልፌ መጣ።

የካቲት 27፣ ዓርብ

ማናጀሩ ጠራኝ። ድርጅታችን ሞጆ አዲስ መጋዘን ሊከፍት ነው። ቢተው ወደዚያ ልዛወር ብሎ አመልክቷል።

«ካስፈለገሽ ይቀራል፣ ካላስፈለገሽ ይሄዳል» አለኝ ማናጀሩ። «ያንቺ ቃል ነው። እስከ መጋቢት አጋማሽ አሳውቂኝ።»

ሞጆ ቅርብ ናት፣ በፍጥነት መንገዱ ምንም አትርቅም ይላሉ። ከእኔ ምደባ ውጪ ያለ አገር ሁሉ ሩቅ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቆሎው መጣ። ስለ ሞጆ ምንም አላለኝም። እኔም አላልኩትም። ቆሎውን ነኢማ ፊት አስቀመጥኩላት፤ እሷ እየጾመች እንደሆነ ትዝ ያለኝ በዓይኗ ስትገላምጠኝ ነው።

መጋቢት 6፣ እሑድ

ደብረ ዘይት። ቤተ ክርስቲያን ሰባኪው ስለ ዳግም ምጽአት ሲያስተምር ቀኒቱንና ሰዓቲቱን ማንም እንደማያውቅ፣ ተዘጋጅቶ መጠበቅ ብቻ እንደሆነ ተናገረ። ሰው ሁሉ ያለቅሳል፣ እኔ ስለ ፈረቃ አስባለሁ። «ሥራ አለ፣ መቼ እንደሆነ አልነግራችሁም፣ ዝግጁ ሁኑ» የሚል ማስታወቂያ ብለጥፍ ሠራተኛው በሰልፍ ነው የሚመጣብኝ። የቀረውን ስብከት አልሰማሁትም፤ እንደዚያ ሳይመደብ የሚመጣ ሰው ካለ ግን ምን ዓይነት ሰው ይሆን እያልኩ ነበር።

እናቴ ስንወጣ ዓይኔን አይታ ስብከቱ ነክቷት ነው ብላ በጣም ደስ አላት። መነጋገር ጀምረናል።

መጋቢት 9፣ ረቡዕ

ማናጀሩ ጠየቀኝ። ያስፈልጋል አልኩት። በሩን ምክንያት አደረግኩ። እሺ ብሎ ጻፈ።

በቃ ይቀራል። ደስ ሊለኝ ይገባል። ምሳ አልበላ አለኝ፤ ለነገሩ ጾም ነው።

መጋቢት 10፣ ሐሙስ

ዒድ ነገ ይሁን ከነገ ወዲያ የሚያውቅ የለም። ጋሽ ሀሩንን ጠየቅኩት። «ጨረቃ ከታየች ነገ ነው፣ ካልታየች ከነገ ወዲያ ነው፤ ምኑ ነው ያስቸገረሽ?» አለኝ። ያስቸገረኝማ ሁለት ምደባ ማውጣቴ ነው፤ አንዱ ለምትታየው ጨረቃ፣ አንዱ ለማትታየው።

እግረ መንገዴን ጥያቄዬን ለእሱም አቀረብኩለት። የፎርክሊፍቱን ሞተር አጥፍቶ አሰበ። «እኛ ተጽፏል ነው የምንለው። የተጻፈው ግን እሱ እንዳይረሳ አይደለም፣ እኛ እንዳንደነግጥ ነው» አለኝ። ከዚያም ሞተሩን እያስነሳ፣ «አንቺ ግን ሰሞኑን ደንግጠሻል» ብሎ ጨመረበት። ሞተሩ ጮኸብኝና እንዳልሰማሁ ሆንኩ።

መጋቢት 11፣ ዓርብ

ጨረቃ ታይታለች። ዛሬ የእነ ነኢማን ቦታ ክርስቲያኖቹ ሸፈኑ። የፋሲካ ዕለት እነሱ ይሸፍኑልናል፤ እዚህ ቤት የቆየ ደንብ ነው፣ እኔ እንኳ አላወጣሁትም።

ካርቶን ልቆጥር ስገባ ቢተው ከመደርደሪያው ጀርባ በስልክ ያወራል። አጎቱ ናቸው መሰለኝ። «እሷ ካልለቀቀችኝ ምንም ማድረግ አልችልም ጋሼ። እዚህ እያለሁ አይሆንም» አለ። ድምፁ ቅር ያለው ሰው ድምፅ ነው።

ይሄን ያህል ጠልቶን ኖሯል። መጋዘኑን ማለቴ ነው።

ቆሎው እንደተለመደው በሰዓቱ መጣ። አመሰግናለሁ ማለት አቃተኝ። ሰውየውን አስሬ ቆሎውን እበላለሁ።

መጋቢት 12፣ ቅዳሜ

ከእናቴ ጋር ሾላ ገበያ ሄድን። እናቴ ምስር ስትከራከር ቄስ ገብረኣብን በዘንቢል ሽንኩርት ተሸክመው አገኘኋቸው። ዘንቢሉን ልቀበላቸው ስል እሺ አላሉም። መልሱ ደረሰ ወይ አልኳቸው። የመጻሕፍት መምህር የሆኑ ወዳጃቸውን ጠይቀው «ልጅቷን ቶሎ ዳሯት» የሚል መልስ ብቻ እንዳገኙ ነገሩኝ።

ከዚያ እኔ ስለ አንዲት ጓደኛዬ አወራሁላቸው። ጓደኛዬ ሰው የማስቀረት ሥልጣን አላት፤ አንድ ሊሄድ የሚፈልግ ሰው አለ፤ አስቀረችው፤ ግን እንቅልፍ አጣች። ቄሱ ሽንኩርቱን መሬት አስቀመጡት።

«ጓደኛሽ ልታስቀረው ትችላለች» አሉኝ። «ከዚያ በኋላ ግን የያዘችው ሰው ይኖራታል እንጂ የመጣላት ሰው አይኖራትም።»

ከዚያ፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል፣ «ሁሉን የሚችል አምላክ ለድንጋዩና ለባሕሩ ዕቅድ አያስፈልገውም፤ ሁን ካለው ይሆናል። ሰውን ግን ወዶ እንዲመጣ ከፈለገው መጠበቅ አለበት። ምናልባት እኛ ዕቅዱ የምንለው ትዕግሥቱን ይሆናል» አሉ። ወዲያው ደንግጠው፣ ገና እያሰቡበት እንደሆነና ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች እንዳልነግርባቸው አስጠነቀቁኝ።

እናቴ ምስሯን ይዛ መጣችና ምን እንደምናወራ ጠየቀች። «ስለ ጓደኛዋ» አሉ ቄሱ። ቄስ በጾም አይዋሽም ብዬ ነበር።

መጋቢት 15፣ ማክሰኞ

ማናጀሩ ጋ ሄጄ ቢተው ይሂድ አልኩት። በሩስ ቢለኝ፣ በሩ በር ነው አልኩት።

ስመለስ ነኢማ ፊቴን አይታ ምን ሆንሽ አለችኝ። የቀዝቃዛው ክፍል አየር ዓይኔን አስለቀሰው አልኳት። «ዛሬ እኮ ኮልድ ሩም አልገባሽም» አለችኝና መሀረብ ሰጠችኝ።

ፈራሁ። እውነቱን ልጻፈውና ልገላገል፦ ካልመደብኩት አይመጣም ብዬ ፈራሁ። ከመስከረም ጀምሮ የፈራሁት ይሄንኑ ነው።

መጋቢት 19፣ ቅዳሜ

የቢተው የመጨረሻ ቀን ነበር። ጫኝ አውራጆቹ ኬክ ቆረጡለት፤ ኬኩ እንኳ የጾም ነው። ከሁሉም ጋር ተጨባበጠ። እኔ ስልክ ይዤ ነበር፣ ስልኩን ዘግቼ ስወጣ የሚወስደው መኪና ሄዷል። ቻው እንኳ አላለኝም።

ስልኩ ላይ ማንም አልነበረም።

መጋቢት 21፣ ሰኞ

በሩ ተበላሸ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ነኢማ ከወንበሯ ተነስታ በተረከዟ አንድ ጊዜ ብትመታው ጠቅ ብሎ ተዘጋ። «ይሄ ነበር?» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም፤ ነኢማን ለዚህ ነው የምወዳት።

መጋቢት 29፣ ማክሰኞ

ሰሞነ ሕማማት ነው። የፋሲካን ምደባ አወጣሁ። ጋሽ ሀሩንና ነኢማ ከእነ ቡድናቸው ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ ይሸፍኑልናል። የቀረኝ የቅዳሜ ቀን የቡድን አለቃ ቦታ ነው፤ የቢተው ቦታ። በምትኩ ሰው አልመጣም። በቀዳም ሥዑር ሰው ግባ ብዬ የማስገድድበት ልብ አጣሁ፤ ራሴን ጻፍኩበት። ነኢማ አየችውና «ሁሉን ቻይዋ ራሷ ካርቶን ልታወርድ ነው» አለች። አዎ፣ ሰው አጥሯታል።

ዘጠኝ ሰዓት እየደረሰ ያልፋል። ቆሎ ራሴ ገዛሁ። ሱፍ የለበትም።

ሚያዝያ 3፣ ቅዳሜ

ካርቶን ያወረድኩበትን ልብስ ሳልቀይር ነው የምጽፈው።

ጠዋት ስገባ ከግቢው በር ውጪ ካህናት ቄጤማ ያድላሉ። ጊዜ አልነበረኝምና ሳልቀበል አለፍኩ። አበባው ከሌሊት ጀምሮ ተከምሯል። ከሁለት ወጣቶች ጋር ካርቶን እያወረድኩ፣ ወገቤ እየተቆረጠ፣ ራሴን ስረግም ከበሩ በኩል ማንጎራጎር ሰማሁ።

ቢተው ነው። የአዘቦት ልብስ ለብሷል፣ ግንባሩ ላይ ቄጤማ አስሯል፣ በእጁ ደግሞ ሌላ ቄጤማ ይዟል። ሕማማት ስለሆነ አልተጨባበጥንም። ቆመን ተያየን። ሞጆም ቢሆን ዛሬ ሥራ ማቆሙን አውቃለሁ፤ ዕረፍቱ ነው።

«ማን መደበህ?» አልኩት። ከአፌ የወጣው ይሄ ነው። በሕይወቴ ካወራሁት ሁሉ ደደቡ ቃል።

«ማንም አልመደበኝም» አለኝ።

ቄጤማውን ሰጠኝ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ካርቶን ማንሳት ጀመረ። እኔም አሰርኩና ተከተልኩት። ክምሩን አብረን ጨረስን። ወጣቶቹ ውኃ እንጠጣ ብለው ወጡ፤ በሕማማት ቅዳሜ ምን ውኃ እንደሚጠጡ እግዜር ይወቀው።

ያን ጊዜ ነገረኝ። ዓመቱን ሙሉ ሆን ብዬ ጠዋት ጠዋት እንደመደብኩት ያላወቀ መስሎኝ ነበር። አውቋል። ጋሽ ሀሩንም አውቋል፣ ነኢማም አውቃለች፣ በሩም ሳያውቅ አይቀርም። ሽማግሌ ሊልክ አስቦ ግን እንዴት አድርጎ? «አንቺ እየመደብሽኝ ሽማግሌ ብልክ ሰው ለሺፍቱ ብሎ ነው ይላል» አለኝ። «አንቺም አንድ ቀን ራሴ የመደብኩት ነው ትያለሽ። ከእጅሽ ወጥቼ መምጣት ነበረብኝ።» አጎቱን በስልክ «እዚህ እያለሁ አይሆንም» ያላቸው ለዚሁ ነው። እኔ ደግሞ ይዤው።

ለምን በጊዜው አልነገርከኝም አልኩት።

«ብነግርሽ ይሄንንም ትመድቢው ነበር።»

ሳቅኩ፤ ከዚያ አለቀስኩ። እሱ የቄጤማዬን ቋጠሮ አላላልኝ፤ ለካ አጥብቄው ግንባሬን እየቆረጠኝ ነበር። በዳግም ትንሣኤ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። አጎቱ አሉ፣ ጋሽ ሀሩንም አለበት፤ ለካ «ዱዓው የሚሰማለት ልጅ ነው» ሲል የነበረው ስለዚህ ነው። እናቴ በመጀመሪያው ቀን እሺ እንደማትል፣ ደንቡ ስለሆነ ዘመድ እንጠይቅ ብላ እንደምትመልሳቸው፣ በዚህ ቅር እንዳይለው ነገርኩት።

«እጠብቃለሁ» አለኝ።

ሚያዝያ 4፣ እሑድ

ክርስቶስ ተነሥቷል። ቄስ ገብረኣብ ለፍስክ እኛ ቤት መጡ። በቅበላ ያስቀመጡትን ጉርሻ የሚያካክስ ጉርሻ አነሱና፣ ወደ አፋቸው ከመላካቸው በፊት በጥርጣሬ አዩኝ።

«ዛሬ ጥያቄ የለም» አልኳቸው።

«መልሱ ደረሰሽ?»

«ሳልጠራው መጣ።»

ጉርሻውን ዋጡት። ፊታቸው ላይ ያየሁት ፈገግታ የበጉ ብቻ አልነበረም። እናቴ ሁለታችንንም እያፈራረቀች አየችን፤ የምንነጋገረው ነገር ባይገባትም ደስ ብሏታል፣ እኔ ከጠዋት ጀምሮ ምግብ እየበላሁ፣ ሳይነግሩኝ እየሳቅኩ ነው።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ እኔ አላልኩሽም?» አለችኝ ዳቦ እየቆረሰችልኝ። «እግዚአብሔር ለአንቺ ዕቅድ አለው።»

«አሜን» አልኳት፣ ከልቤ። ጥያቄዬ አሁንም አለ፤ ግን ከእንግዲህ አይጎረብጠኝም። የሚመጣው እሑድ ቤታችን ሽማግሌ ያንኳኳል። ቤቱን እንድታጸዳ፣ ነጠላዋን እንድታጥብ ብነግራት ደስ ባለኝ።

ቀኒቱንና ሰዓቲቱን ግን አልነገርኳትም። ተዘጋጅታ ትጠብቅ።